ወስፌውን አስቀምጪ

ኡምኩልሱም ቆዳ መስፋት የጀመረችው ቸግሯት ነው። ባሏ ጀይላን የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ሐርቡ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ከአልጋው ተነስቶ ደጃፍ ላይ ከመቀመጥ ያለፈ ነገር አይሆንለትም። ሐኪም ያዘዘለት የቆዳ የወገብ መደገፊያ ስፌቱ እየተተረተረ ስላስቸገራት፣ ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ጫማ ወደሚሰፉት ወደ አያ ኑርሁሴን ትመላለስ ነበር። አንድ ቀን ሽማግሌው ወስፌውን አቀበሏትና፣ «ሁልጊዜ ከምትደክሚ ቁጭ በይና እዪ፤ ቤትሽ ሆነሽ ትሠሪዋለሽ» አሏት።

አሮጌውን ክር ቆዳውን ሳይጎዱ ነቅሎ ማውጣትን፣ አዲሱን በሰም ማሸትን፣ ሁለት መርፌ ይዞ በአንዱ ቀዳዳ ከግራም ከቀኝም ማሳለፍን አሳዩዋት። «ሌላ ቀዳዳ አትብሺ፤ የነበረው ይበቃሻል» ይሏት ነበር።

ከተማው ለአያ ኑርሁሴን ጫማውን ይሰጣል እንጂ ቤቱ ጠርቶ አያበላቸውም። ዘመዶቻቸው ቆዳ አልፊዎች ስለነበሩ ከኋላቸው «ፋቂ» ይላቸዋል። ኡምኩልሱምም ያን ያህል ሲያስተምሯት አንድም ቀን ከማዕዷ አላስቀመጠቻቸውም። ሲሞቱ ለለቅሶ ሄዳ፣ ሚስታቸውን ደጅ ላይ አጽናንታ፣ ቤት ሳትገባ ነው የተመለሰችው። ያኔ ብዙም አልታሰባትም።

ሥራው ግን ቤቷን አቆመላት። የሴቶች ቦርሳ፣ ቀበቶ፣ የበቅሎ ኮርቻ መጫኛ፣ ባቲ ገበያ የሚውሉ አፋሮች የሚልኩት የጩቤ አፎት፣ ሁሉም በሯን ያንኳኳ ነበር። ልጇ ሪሀና ተምራ መድኃኒት ቤት የተቀጠረችው በዚያ ወስፌ ነው።

ሪሀናን የአንድ እህል ነጋዴ ልጅ፣ ካሚል፣ ወደዳት። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ኒካሁም ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ እንዲታሰር ተቀጠረ። ከዚያ የካሚል አክስት ፋጡሜ ብቻዋን መጣች። ሪሀና ሥራ ላይ ነበረች።

ፋጡሜ ዓይኗን ከወስፌው ሳትነቅል ጀመረች።

«ኡምኩልሱም፣ አትቀየሚኝ። ወንድሜ ልጅቷን አልጠላም። ግን ሰው ማውራት ጀምሯል። የሙሽራዋ እናት ፋቂ ናት ቢባል በየት እንገባለን?»

ጀይላን ከአልጋው ላይ ሆኖ ጮኸ። «አውዙቢላህ! እኛ ፋቂ አይደለንም! ዘራችንን ጨፋ ወርደሽ ጠይቂ!»

«ይኸንኑ ነው የምፈልገው» አለች ፋጡሜ። «ለሽማግሌዎቹ ይህንኑ ንገሩልን። አንቺም ወስፌውን አስቀምጪ። ሌላ ምንም አልጠየቅንም።»

ኡምኩልሱም አንገቷን ደፋች። የጀይላን ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። እውነት ነው፣ ዘራቸው ሌላ ነው። ግን «አይደለንም» ሲል የአያ ኑርሁሴን ፊት ድቅን አለባት። እሳቸው የሰጧትን ሥራ ይዛ፣ በእሳቸው ሥራ ልጅ አሳድጋ፣ አሁን ሰው ፊት ቆማ እንደ እሳቸው አይደለሁም ልትል ነው።

ቢሆንም «እሺ፣ እትዬ» አለች። ልጇን አስባ ነበር።

ወስፌውን፣ ሰሙንና መርፌዎቹን በጨርቅ ጠቅልላ ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀለች። ለሪሀና፣ «ዓይኔ ደክሟል፤ ትንሽ ልረፍ» አለቻት። ሪሀና ሐኪም ዘንድ እንሂድ እያለች ስትጨቀጭቃት፣ ነገ፣ ኢንሻአላህ ነገ እያለች ታባብላታለች። ደንበኛ ሲመጣ በሩን ገርበብ አድርጋ «ተውኩት» ትላለች። እጇ ግን አላረፈም፤ ሳታውቀው የነጠላዋን ጫፍ ስትተረትር ትውላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፋይዛ የምትባል የጨፋ ገበሬ ሚስት ሕፃን ታቅፋ መጣች።

«አካም ጅርቱ?» አለች በኦሮምኛ ሰላምታ።

«ነጋያ። ግቢ።»

ፋይዛ አንቀልባዋን ዘረጋች። የማንገቻው ስፌት ላልቶ ተበጥሷል። ውሃ ልትቀዳ ጎንበስ ስትል ልጁ ተንሸራቶ ወድቆባት ግንባሩ ተልጧል። «እናቴ እኔን ያዘለችበት ነው። ሌላ ሰው ዘንድ ወስጄው ‹ይጣል› አለኝ።»

ኡምኩልሱም «ተውኩት» ልትል አፏን ከፈተች፤ የሕፃኑን ግንባር ግን አየች። ጥቅሉን አወረደች።

ቆዳው ያረጀ ቢሆንም አልሞተም። የበሰበሰውን ክር አንድ በአንድ ነቅላ፣ በነበረው ቀዳዳ መርፌዎቹን ማመላለስ ጀመረች። ሪሀና ከሥራ ስትመለስ ያገኘቻት ጉልበቷ ላይ አንቀልባ ዘርግታ፣ ክር በጥርሷ ይዛ ነው።

«ዓይንሽ ተሻለሽ እንዴ፣ እማ?»

ኡምኩልሱም ሰፍታ ጨረሰች፣ ማንገቻውን በኃይል ጎትታ ፈተነችው፣ ፋይዛን ሸኘቻት። ከዚያ ፋጡሜ የተናገረችውን ሁሉ ለልጇ ነገረቻት።

ሪሀና ከመደብ ላይ ተነሳች። «እኔን ሳትጠይቂኝ?»

«ላንቺው ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ ዋሸሽኝ! እኔ ዓይኗ ሊጠፋ ነው እያልኩ ስጨነቅ!»

«ተይ እንግዲህ፣ እናትሽ ናት» አለ ጀይላን።

ሪሀና ለካሚል ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ተለውጦ ነበር። «ያውቅ ነበር» አለች። «አክስቱ እዚህ ስትመጣ ያውቅ ነበር።»

ካሚል በማግስቱ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ የጀይላንን እጅ ስሞ ተቀመጠ። «ወላሂ እኔ ምንም አይመስለኝም» አለ። «ኒካሁ እስኪያልፍ ብቻ ይታገሡ። አባቴን ቀስ ብዬ አግባባዋለሁ።»

«ከኒካሁ በኋላስ?» አለች ሪሀና። «ቤታችን መጥተው ይበላሉ?»

ካሚል ምንጣፉን አየ። «ቀስ በቀስ።»

«አንተስ ዛሬ ትበላለህ?»

«አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» አለ ካሚል። እውነቱን ይሁን አይሁን ማንም አላወቀም፤ ሪሀና ግን ተነሳች። እስከ በሩ ሸኘችው። ሳምንቱ ሳያልቅ፣ ወስፌው ዳግም መነሳቱ ተሰምቶ፣ የካሚል አባት የላካቸው ሽማግሌዎች ነገሩ መቅረቱን ሊናገሩ መጡ፤ ጀይላን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሰማቸው።

ማሽላው ተሰበሰበ። ኡምኩልሱም ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ሰው እንደ ድሮው መጣ፣ አንዳንዱም ቀረ። አንድ አርብ ወደ አያ ኑርሁሴን ቤት ሄደች። ሚስታቸው ዘይና ግራ ገብቷት በር ላይ ስትቆም፣ «ካልከበደሽ ልግባ» አለቻት። ገብታ የቀረበላትን በላች። ስትመለስ ግን የቀለላት ነገር አልነበረም፤ እሳቸው የሉም።

ከሁሉ የከበዳት የልጇ ዝምታ ነበር። ሪሀና ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ለአባቷ መድኃኒቱን ትሰጣለች። ካሚል ባቲ ለሌላ ልጅ ሽማግሌ ላከ ሲባል የሰማች ዕለት ልብስ እያጠበች ነበር፤ ማጠቧን አላቆመችም።

ኡምኩልሱም አጠገቧ ቆመች። «ሪሁ፣ ቆጨሽ?»

ሪሀና የአባቷን ሸሚዝ ጨመቀችው። «በአንቺ አይቆጨኝም» አለች። «በእሱ ይቆጨኛል። እወደው ነበር፣ እማ። እስኪለቀኝ አትጠይቂኝ።»

«እሺ» አለች ኡምኩልሱም፤ ሸሚዙንም ተቀብላት አሰጣችው።