የይርጋ ካሮት

ካሮት ሲነከስ የሚሰማውን ድምፅ ሰምቼ ዝም ብዬ መቀመጥ እስከ ዛሬ አልችልም። በቀደም ለታ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ትንሽ ልጅ ከእናቷ ዘንቢል ካሮት አውጥታ ቀርጨም ስታደርገው፣ እጄ ሳላዘው ወደ አፌ ሄዶ ከንፈሬን ጠረገ። አጠገቤ የነበሩት ሰው ዞር ብለው አዩኝ። ከንፈሬ ላይ ምንም አልነበረም። የጠረግሁት በደርግ ጊዜ፣ ላሊበላ፣ ከአባቴ ጓሮ የነካኝን አፈር ነው።

ቤታችን ወደ አሸተን ማርያም በሚወጣው መንገድ ዳር ያለ የድንጋይ ቤት ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ቀድሰው ይመጡና ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው እርሻቸው ላይ ይውሉ ነበር። እናቴ፣ አባቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ይርጋ፣ አራት ነበርን። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሱ ሰባት። ስሜ ብርቄ ነው፤ እናቴ ግን «ቅብጥብጥ» ትለኝ ነበር። ያልበሰለ ንፍሮ እየጎረስሁ ምላሴን የማቃጥል፣ ያልደረቀ ቀሚስ ለብሼ የምወጣ፣ «ቆይ» ከተባልሁ እግሬን የሚበላኝ ልጅ ነበርሁና አልፈርድባትም።

ድርቁ ባለፈ በማግሥቱ ዓመት ይርጋን ዳፍንት ያዘው። ቀን ቀን ከእኔ እኩል ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ ሲጣላ ይውልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይኑ ይከዳዋል፤ ግድግዳ እየዳበሰ፣ በርጩማ እየመታ፣ የእናቴን ቀሚስ ይዞ ነበር ወደ ቤት የሚገባው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እናቴ ሥራ አይያዝላትም ነበር፤ ስንዴ ለቅማ ሳትጨርስ ትነሣለች፣ በሩ ላይ ትቆማለች፣ «ይርጋ! ይርጋዬ!» እያለች መንገዱን ታያለች። በግንቦት ወር አንድ ቀን ማታ፣ ከአባቴ ኋላ ኋላ ሲሄድ ቆይቶ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን በከበበው ጥልቅ የቋጥኝ ቦይ አፋፍ ላይ እግሩን ወደ ባዶው ሲያነሣ አንዲት መነኩሲት ጋቢውን ይዘው አስቀሩት። ከዚያ በኋላ አባቴ ሲመሽ ይዘውት አይወጡም ነበር።

ይርጋ ግን አንድ ነገር ይመኝ ነበር። ለገና ካህናቱ ከቤተ ማርያም ዙሪያ ከቋጥኙ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ቤዛ ኵሉ እያሉ ሲያሸበሽቡ ከአባቴ እግር ሥር መቆም ይፈልጋል። እዚያ ለመድረስ ደግሞ በጨለማ መውረድ ያስፈልጋል። «ለገና ይዘውኝ ይሄዳሉ፣ አባባ?» ይላል በየማታው። «ዓይንህ ይመለስና» ይሉታል፣ ፊታቸውን አዙረው። ያን ጊዜ እኔም ቤት ውስጥ መቀመጥ ያቅተኝ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ጉበት አብሉት ይል ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን የሚያርደው በግ የተረፈለት ማን ነበር? በሬዎቻችንም በድርቁ አልቀዋል። በመጨረሻ እናቴ ይርጋን ይዛ ክሊኒክ ወረደች። ጤና ረዳቱ የደሴ ልጅ፣ ፈገግታ የማያውቅ ወጣት ነበር። ዓይኑን ገልጦ አየና «ካሮት ይብላ፤ ጎመንም አይለየው» ብሎ በኪኒን ወረቀት የተጠቀለለ ዘር ሰጣት። ካሮት የሚባለውን ነገር ከእኛ ቤት አይቶት የሚያውቅ አልነበረም። ቀበሌው በየስብሰባው እያንዳንዱ አባወራ በጓሮው አትክልት ይትከል ሲል አባቴ ከኋላ ተቀምጠው ያንቀላፉ ነበር። አሁን ግን የልጃቸው ዓይን ነውና ነቁ።

ሐምሌ ላይ ነው የዘራነው። አባቴ ወረቀቱን በመዳፋቸው ላይ ዘርግተው፣ ዘሩ በትንፋሻቸው እንዳይበንን አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኸማ የጤፍ ታናሽ ነው» አሉ። «እንደ ጤፍ ነው የሚዘራ።»

እኛ ዘንድ የጤፍ መሬት ከመዘራቱ በፊት በከብት ይረገጣል፤ ካልተረገጠ ዘሩ ጭቃው ውስጥ ይሰጥማል። ከብት ስለሌለን እኛው ረገጥነው። አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት፣ እናቴ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ እኔና ይርጋ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ጓሮውን ዳር እስከ ዳር እየዞርን፣ ጭቃው እስኪጠነክር፣ ድንጋይ የመሰለ መደብ እስኪሆን ወረብ ላይ እንደሚያሸበሽብ ሰው ረገጥን። አባቴ «በርቱ! በዚያ በኩል ቀርቷል!» ሲሉ ይርጋ በሳቅ ይወድቅ ነበር። ባለሙያ የሆንን መስሎን ነበር። ደስታችን ግን የእውነት ነበር፣ እሱን ማንም አይወስድብኝም።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ጤፍ ቢሆን በሳምንቱ ብቅ ይላል፤ ካሮቱ ሁለት ሳምንት አለፈው። እናቴ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ታችውን በምስማር በስታ ማጠጫ ሠርታ፣ ዝናብ ባላጣ መሬት ላይ እሷም በበኩሏ ታጠጣ ነበር። እኔ በጣቴ እየጫርሁ ዘሩን እፈልጋለሁ፤ አላገኘውም፤ እንደገና እጭራለሁ። በመጨረሻ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ወጣ፤ ቅጠሉን ሲያወጣ እናቴ አሸተተችውና ደረቷን መታች። «እንስላል ነው! ያ ልጅ እንስላል ሰጥቶን!» እያለች ክሊኒክ ወርዳ ጤና ረዳቱን ተቆጣችው። እሱም «ሦስት ወር ነው የሚፈጅ፣ እናቴ። ታገሡ» ብሎ መለሳት። ሦስት ወር! ይህን ስሰማ ማልቀስ ቃጣኝ።

መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲቆም ከምንጭ ውኃ ማመላለስ የእኔ ሥራ ሆነ። ያን ሁሉ አቀበት ጀሪካን ተሸክሜ የማጠጣው ነገር ከሥር ምን እንደሚመስል አለማወቄ አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ማታ አንዱን ነቀልሁ። ነጭ ክር ነበር፤ መልሼ ተከልሁት፤ በማግሥቱ ጠወለገ። ከሳምንት በኋላ ሌላ ነቀልሁ፤ የትንሿን ጣቴን ያህላል፣ ጫፉ ብርቱካናማ ሆኗል። መልሼ ልተክለው ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ግን ሸተተኝ። በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ ነከስሁት። ዓመቱን ሙሉ የእርዳታ ስንዴ ስበላ ለኖርሁ ልጅ ያ ጣዕም ሌላ ነገር ነበር። ሥሩን በልቼ ቅጠሉን አፈር ውስጥ መልሼ ሰካሁት።

ከዚያ በኋላ መቆም አልቻልሁም። ሁልጊዜ በድንግዝግዝታ ነበር የምሄደው። ይርጋ በዚያ ሰዓት መንቀሳቀስ ስለሚፈራ የጓሮው ካብ ላይ ይቀመጣል፤ በማታይ ዓይኑ ፊት ሆኜ እነቅል ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

እናቴ የጠወለጉትን ቅጠሎች ጎተት ስታደርግ ሥር የሌላቸው ሆነው ወጡ። «ፍልፈል!» አለች። አባቴ ጓሮውን ዙሪያውን ቆፈሩ፣ ጉድጓድ ፈልገው አጡ፣ እሾህ ቀበሩ። አልሆነም። በመጨረሻ አንድ ጧት ጸበል አምጥተው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ እየጸለዩ መደቡን ዳር እስከ ዳር ረጩት። እኔ ጀሪካኔን ይዤ ቆሜ ነበርና ፊቴ ላይም ተረጨ። ከጸበሉ የሸሸ ፍልፈል የለም፤ እኔ ግን ያን ቀን ቤት ውስጥ አልቆይ አለኝ፤ እስከ ማታ ምንጭ ለምንጭ ዞርሁ።

በዚያው ሳምንት ይርጋ ከካቡ ላይ ሆኖ ተናገረ።

«ብርቄ፣ ምንድን ነው የምትበዪ?»

«ባቄላ።»

«ባቄላ እንዲህ አይልም።»

  ይርጋ እጁን ወደ ጨለማው ዘረጋ። ግማሹን ሰጠሁት፤ ከፍቅር እንዳይመስላችሁ፣ አፉን ለመያዝ ነበር። ቀርጨም አደረገው፣ አላመጠ፣ «ጣፋጭ ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሽቱ ለሁለት ነበር የምንበላው። ለእናቴ አልተናገረም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እናቴ ከዚህ በላይ ለፍልፈል አልጠብቅም ብላ የመደቡን አንድ ጎን ቆፈረች። ግማሹ ባዶ ነበር። የተረፈውም ካሮት አይመስልም፤ አጭር፣ ሁለት ሦስት እግር ያወጣ፣ እንደ ዝንጅብል የተጣመመ። በዚያ በኩል ሲያልፍ የቆመው ጤና ረዳት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየነው። «ማን ርገጡት አላችሁ? ለስላሳ አፈር ነው የሚወደው!» አለ። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ግን አልሰማችውም፤ ባዶው መደብ ላይ ተቀምጣ «ለልጄ ዓይን ብዬ የፍልፈል ቀለብ ተከልሁ» እያለች አለቀሰች። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር እኮ። ከዚያ ዘጋሁት።

የቀሩት ይወፍሩ ተብሎ መሬት ውስጥ ቆዩ፤ እናቴ በቀን ሁለት ሦስት እያወጣች ከጎመን ጋር ለይርጋ ትቀቅል ነበር። እኔ ዳግመኛ ላልነካ በቤተ ማርያም ስም ማልሁ። አራት ቀን ቆየሁ። በአምስተኛው ምሽት እግሬ ወሰደኝ። አንድ ነቀልሁ፣ ነከስሁ፣ ለይርጋ ትልቁን ቁራሽ ልሰጠው ወደ ካቡ ዞርሁ። ፀሐይ ጠልቃለች፤ እናቴ ከቤት ውስጥ ስሙን መጥራት ጀምራለች።

«ከንፈርሽ ላይ አፈር አለ» አለኝ።

ሳላስበው ጠረግሁት። ከጠረግሁት በኋላ ነው የገባኝ። እጄ ከንፈሬ ላይ ቀርቶ አየሁት፤ ዓይኖቹ ቀጥ ብለው ፊቴ ላይ ነበሩ።  ብጮህ እናቴ ትመጣለች። ከመጣች ደግሞ ምን እንዳየ ትጠይቀዋለች። ዝም ብል ግን ያን ያህል ምሽት በሩ ላይ ቆማ ያሳለፈችው ሴት ሌላ አንድ ምሽት ልትጨምር ነው። ጮህሁ።

«እማ! ይርጋ አየ! ይርጋ አየ!»

እናቴ እየሮጠች መጣች። ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ «ምን አየህ፣ የኔ አባት? ምን አየህ?» አለችው።

ይርጋ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ካሮቱን የያዘ እጁን ወደ ጀርባው አዞረና «የብርቄን ፊት» አለ።

እናቴ እሱን ለቃ እኔን ያዘችኝ። አፈር ያልለቀቀውን ፊቴን አገላብጣ ሳመችው።

ለገና ይርጋ ከአባቴ እግር ሥር ቆመ። በጨለማ ነው የወረደው፣ ማንንም ሳይዝ፤ እኔ ከኋላው ሆኜ በየደረጃው ልይዘው እጄን እዘረጋ ነበር፣ አላስፈለገኝም።

ዛሬ ላሊበላ ገበያ ካሮት እንደ ልብ ነው። እኔም በረንዳዬ ላይ በሣጥን እዘራለሁ፤ አፈሩን በጣቴ አለሰልሳለሁ፣ ሦስት ወርም እጠብቃለሁ፣ ረጅምና ቀጥ ያለ ይወጣልኛል። ይርጋ አሁን ቄስ ነው፣ ዓይኑም ደህና ነው፤ ያን ነገር አንስተን አናውቅም። እናቴ ግን እስክታርፍ ድረስ የዚያን ዓመት ፍልፈል ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር፤ አባቴ ጸበል ረጭተውበት እንኳ አልሸሽ ያለ ፍልፈል። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ከሰዎቹ ጋር እስቅ ነበር፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ እነግራታለሁ እያልሁ። ሦስት ወር መጠበቅ ያልቻልሁ ልጅ፣ ይህን ለእናቴ ለመንገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጠበቅሁ።