ያልጠቆረው ስኳር

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እስከዚያ ሮቤ ላይ የመኪና ባትሪ ቻርጅ ሳደርግ የኖርኩት በማሽተትና በግምት ነበር። አሁን የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ነኝ፤ አሥረኛ ክፍል፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ጋር። አንዴ እንኳ ቢስቁብኝ ዳግም እግሬ ክፍሉን አይረግጥም ብዬ ምዬ ነው የገባሁት።

የኬሚስትሪ መምህራችን ከጎባ በሚኒባስ የሚመላለስ ወጣት ነው። ስኳር ውስጥ ካርቦን እንዳለ በዓይናችን ሊያሳየን ፈለገ፤ ትምህርት ቤቱ ግን አሲድ የለውም። «ጋሼ፣ እርስዎ ጋ አይጠፋም» አለኝ። መጽሐፉን አየሁ፤ ከአሲዱ ስም ፊት አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል አለ። የማላውቀውን ቃል መዝለል ልማዴ ነው፤ ዘለልኩት።

ከሱቄ በጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። መምህሩ ስኳሩ ላይ አፈሰሰው። ጠበቅን። ይጠቁራል የተባለው ስኳር ሟሟ፤ በቃ፣ ሌላ የለም።

«ጃርሳው ሻይ አፈሉልን!» አለ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ተማሪ ከኋላ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው። «ቅጠል ብቻ ነው የጎደለው፣ አቦ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደብተሬን ብብቴ ሥር ከትቼ ተነሳሁ።

«ውሃ አለበት እንዴ?» አለ መምህሩ።

«የባትሪ አሲድ መቼ ያለ ውሃ ሆኖ ያውቃል?» አልኩት። «ያልተበረዘ አምጣ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«መጽሐፉ ላይ አለ እኮ፣ ጋሼ። ኮንሰንትሬትድ ይላል።»

የዘለልኩት ቃል።

በሩ ጋ ደርሻለሁ፤ ንዴቴ ግን አላስወጣ አለኝ። አሲድ የነካው ሱሪ እርጥብ ሳለ ምንም አይሆንም። እሳት ዳር ሲደርቅ ነው ጠቁሮ የሚበሳው። ውሃው ሲሄድ አሲዱ ይበረታል፤ ይሄንን ማን ያስተምረኛል?

ተመለስኩ። ከደብተሬ አንድ ቅጠል ገነጠልኩ፣ የክብሪት እንጨት ጠርሙሱ ውስጥ በቀረው አሲድ ነክሬ «ውሃ» ብዬ ጻፍኩ። ምንም አይታይም። የመምህሩን የሙከራ ኩራዝ ለኩሼ ወረቀቱን ከነበልባሉ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ፊደሎቹ ቡናማ ሆኑ፣ ከዚያ እንደ ከሰል ጠቆሩ።

«ወረቀትም እንደ ስኳሩ ነው!» አለ መምህሩ ቸኩሎ። «አሲዱ ሃይድሮጅኑንና ኦክስጅኑን ውሃ አድርጎ ነጠቀው፤ ካርቦኑ ቀረ።»

ባጃጅ ነጂው መጥቶ ጣቱን ሲዘረጋ እጁን መታሁት። «ይፈጅሃል፣ ደንቆሮ!»

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለኝ መምህሩ።

«እቆማለሁ» አልኩት፣ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ። «አንተ ቀጥል።»