ጨው የሌለው ሾርባ ችሎት

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ እዚህ አሜሪካ ከምኖርበት ከሲዋርድ ሰፈር ተነስቼ ጠዋት ጠዋት ወደ ስኔሊንግ አቨኒው ድራይቭ የማደርገው አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ለመንከባከብ ነበር። በስተርጅና ወደ ልጃቸው ቢመጡም እንግሊዝኛው አልገባ ስላላቸው ቀኑን ሙሉ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ። ልጃቸው ደግሞ በሕፃንነቷ ከእናቷ ጋር አሜሪካ ስለገባች ጃፓንኛዋ ከምግብና ከሰላምታ አያልፍም።

"አባቴ መሳቅ ትቷል" አለችኝ፣ በመጀመሪያው ቀን።

አንድ ጠዋት ክኒናቸውን ስሰጣቸው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አገሬ ምን እሠራ እንደነበር ጠየቁኝ።

"ፍርድ ቤት ነበርኩ አባባ። ጸሐፊ።"

ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "እኔም! ኦሳካ! ሠላሳ ዓመት!"

ትምህርቱ እዚያው ተጀመረ። "ቾኤኪ" ብለው ማንኪያውን እንደ መዶሻ ጠረጴዛው ላይ መቱት፤ ሥራ ያለበት እስራት። "ኪንኮ" ብለው ደግሞ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ጭጭ አሉ፤ ሥራ የሌለበት።

"ጽኑ እስራትና ቀላል እስራት!" ብዬ ጮህኩ። ልክ አንድ ባይሆኑም፣ እነዚያን ቃላት በቀን ስንቴ እጽፋቸው እንደነበር ትዝ ብሎኝ ሆዴ ባባ።

"ሺክኮ ዩዮ" ላይ ምላሴ ተሳሰረ። ፍርዱን ወረቀት ላይ ጽፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱትና "ጥሩ ጠባይ ካለ፣ እዚሁ ይቀራል" አሉኝ። ለካስ ገደብ ኖሯል! እሳቸውም "ጌ-ዴ-ብ" እያሉ አጠኑት።

አንድ ቅዳሜ ቀን ልጅቷ ሐኪም ያዘዘውን ጨው የሌለው ሾርባ አቀረበች። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ቀመሱና ማንኪያውን አስቀመጡ። ኮታቸውን አስመጥተው ለበሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ዕቃ ማጠቢያውና ወደ ጨው ዕቃው እየጠቆሙ፣ እኔን ያስተማሩኝ ቃላት የሞሉበት ረዘም ያለ ነገር በጃፓንኛ ተናገሩ።

ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። "ምን አለ?"

ለጃፓናዊቷ ልጅ የአባቷን ቋንቋ የምተረጉመው እኔ ሆኜ አረፍኩት! "ሁለት ዓመት ቾኤኪ ፈርደውብሻል። ሥራውም ዕቃ ማጠብ ነው። ግን በገደብ ነው፤ ጨው ከጨመርሽ ይቀርልሻል።"

"ሐኪሙን ክሰሱት እንጂ!" አለች፣ እየሳቀች። "ይግባኝ እላለሁ!"

ይህን በተማርኳቸው ቃላትና በእጄ ምልክት ተርጉሜ ስነግራቸው አባትየው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ልጅቷም ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ ቀና ስትል ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር።

በሳምንቱ፣ አባቷ ቃላት ሲያስተምሩኝ፣ ደብተር ገዝታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።