«ጉልበት እንጨምራለን» የሚለው ሰሌዳና የአማቴ ዓይን

ከላሊበላ ወደ ወልዲያ የሄድኩት አማቴን፣ መምሬ ዓለሙን፣ ዓይናቸውን ላሳክም ነው። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቷል። ሞራ የሚያወጡ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ወልዲያ መምጣታቸውን የሰማነው ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ ምዝገባው የሚዘጋው ደግሞ ዓርብ ስምንት ሰዓት። እኒህ ሰው የገነተ ማርያም ካህን ናቸው። እኔን በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ጢሜን አብቅዬ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው።

ሐሙስ ከሰዓት መኪናዬን ላሳይ ጋራዥ ገባሁ። አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ናት። የጋራዡ በር ላይ በቀይ ቀለም «የጭስ ማውጫ እናሰፋለን፤ ጉልበት እንጨምራለን» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ማንበብ ዘግይቶ የመጣለት ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ የተጻፈ ሁሉ እውነት ይመስለዋል። መካኒኩ በአፉ ቢነግረኝ ኖሮ እከራከረው ነበር። ተጽፎ ስላየሁት ግን በእሺታ አንገቴን ነቀነቅኩ።

ሰውየው ማርሚታውን፣ ከሥር ተንጠልጥሎ ድምፅ የሚያፍነውን በርሜል መሳይ ነገር፣ ቆርጦ ጣለው። በቦታው እንደ ክንዴ የወፈረ ቧንቧ በየደ።

«ታፍና ነው የኖረች» አለኝ። «አሁን ትተነፍሳለች።»

ሞተሩ ሲነሳ የሰፈሩ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ከሻይ ቤት የወጣው ሁሉ «አሁን ገና መኪና ገዛህ» አለኝ። ውሸት አልጽፍም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ላሊበላ

መምሬ በአውቶቡስ እንሂድ ብለውኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ጊዜ በአምስት ሰዓት ጉዞ የምጨርሰው መንገድ ነው፤ አሁን ጉልበት ተጨምሮበት ደግሞ ምን ሊያግደን ብዬ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ጎኔ ተቀመጡ። ሞተሩን ሳስነሳ መስቀላቸውን ጨበጡ።

«ይህ ነገር አሸተን ማርያም ድረስ ይሰማል» አሉ። «መነኮሳቱ ምጽአት ደረሰ ብለው እንዳይወርዱ።»

እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ቁልቁለትና ሜዳ ነው። በረርን። ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ ሰዎች ክምሩ ላይ ቆመው ያዩናል። እኔ እንደ ሚኒስትር ክንዴን በመስኮት አውጥቻለሁ።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ የጋሸና ዳገት

ከማረፊያው ወዲያ ያለውን ድልድይ አልፈን መንገዱ ሽቅብ ሲዞር ጉዱ መጣ። በሁለተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረውን ጠጠር መንገድ በሁለተኛ አልሄድ አለች። አንደኛ አስገባሁ። ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። ነዳጅ ስረግጥ ጩኸቱ ይብሳል፤ ጎማው ያው ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ደረሰ። ቆምኩ፤ ራዲያተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ውኃ ጨመርኩ። ተነሳሁ። ደግሞ ቆምኩ። ሦስት ጊዜ።

ገብስ የጫኑ አህዮች የሚነዳ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ መጀመሪያ ያለፍነው እኛ ነን። በሁለተኛው ማቆሚያችን ደረሰብን። በሦስተኛው አለፈን።

«አያ ሹፌር፣» አለ ሳይቆም፣ «አንዷን አህያ ልፍታልህ?»

መምሬ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ጋሸና

ጋሸና ብርድ ነው። ምግብ ቤቱ በር ላይ የጭነት መኪኖች ተደርድረዋል። መምሬ ዓርብ ስለሆነ አልቀምስም ብለው መኪና ውስጥ ቀሩ። እኔም እህል አልታየኝም። ሐሰን የሚባል የደሴ ሹፌር፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው፣ ከሩቅ ስንመጣ ሰምቶን ኖሮ ራሱ መጣ።

«ማነው እንዲህ ያረዳት?» አለና ከሥሯ ገባ።

«ትንፋሽ ተከፈተላት» አልኩት።

ከሥር ሆኖ ሳቀ። «ስማ ወንድሜ። ጭስ በልኩ ቧንቧ ሲወጣ ይፈጥናል፤ የፊተኛው የኋለኛውን ስቦ ይወጣል። ቧንቧውን እንዲህ ስታሰፋበት ይዘገያል። ሜዳ ላይ ሞተሩ በኃይል ሲዞር ምናልባት ትንሽ ትጠቀም ይሆናል። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፤ ጉልበቱን የምትፈልገው ያኔ ነው። እሱን ነው የቆረጡብህ። እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው።»

«ጩኸቱስ?»

«ጩኸት ጩኸት ነው። ፍየልም ይጮኻል።»

የብየዳው መጋጠሚያም ክፍት ነበር፤ በቆርቆሮና በሽቦ ጠፍሮ አሰረልኝ። የቧንቧውን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጦ አጠበበው። «መድኃኒት አይደለም፣ ማስታገሻ ነው። የድሮውን መልስ። አብሽር፣ ከዚህ ወዲያ ብዙው ቁልቁለት ነው።»

ትንሽ ተሻላት። ሰዓቱ ግን አልጠበቀንም። ወልዲያ ሳንደርስ፣ የድልብን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንጀምር ስምንት ሰዓት ሆነ። መምሬ «ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። ጩኸቱ በርትቶ ያልሰማሁ መሰልኩ። ያ ቧንቧ የጠቀመኝ ያኔ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ወልዲያ

የሆስፒታሉ በር ላይ አንዲት ነርስ ወንበሮችን ትሰበስብ ነበር። ብርሃኑን በእጇ እየከለለች የመምሬን ዓይን አየች።

«አባ፣ ይህ የሚድን ነበር» አለች። «ዝርዝሩ ተዘጋ። ሐኪሞቹ ማታውኑ ይሄዳሉ።»

«መቼ ይመለሳሉ?» አልኳት።

«አልነገሩንም።»

ለመንኳት፤ ተቆጣኋት። መምሬ ክንዴን ያዙኝ። «እሷ ምን አደረገች?» አሉ። እውነት ነው። እሷ ምን አደረገች?

ቅዳሜ፣ ላሊበላ

እያረፍን፣ ውኃ እየጨመርን ተመለስን። መምሬን ቤታቸው አድርሼ በቀጥታ ጋራዥ ገባሁ። ሰውየው ሻይ ይጠጣል። ሰሌዳውን በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩለት።

«ማስታወቂያ ነዋ» አለ። «መሐላ መሰለህ?»

የድሮው ማርሚታ ጓሮ ተጥሎ ዶሮ ገብታበታለች። ዶሮዋን አስወጥቼ፣ መካኒኩ አጠገብ ቆሜ፣ መልሼ አስበየድኩት። በማግስቱ ጋሸና ዳገት ድረስ ሄድኩ። ያችው መኪና፣ ያው ዳገት፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትቆም ወጣች።

ይህን ጽፌ ለመምሬ አነበብኩላቸው። 

«ፊደል አስቆጠርኩህ እንጂ የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው አላልኩህም» አሉ። ቀጥለውም፣ «አሁን አንተም ጽፈሃል። ሰው በምን ይመንህ?»

አትመኑኝ። መኪናዬ መናኸሪያው አጠገብ ትቆማለች፤ የተጠራጠረ ይምጣና ዳገቱን ላሳየው።

መምሬ እንደ ድሮው ስሕተቴን ሊያርሙ እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ዞረው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፤ ገለበጡት፤ ደግሞ ገለበጡት።

«በየትኛው በኩል ነው የጻፍክበት?» አሉኝ።