«ይቆ» የተጻፈበት ዋንዛ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ዘንድሮ አይደለም፤ አምና ይሁን ካቻምና እንጃ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንደነበር ግን ጭቃው ትዝ ይለኛል። በወንዙ ዳር መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ይቆረቁረኛል።

ቤቴ ከሀና ማርያም ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ነው። ከአጥሬ ጀርባ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። የተከለው ሰው የለም፤ ወፍ በጣለው ፍሬ የበቀለ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ፍየል እንዳይቀጥፈው እሾህ አጥራ አሳደገችው። ያኔ በወንዙ ልብስ እናጥብ ነበር። በኋላ ሸተተ። እኔም ብሆን ጥራጊዬን የምደፋው እዚያው ነበር።

ኋላ ወንዙን የሚያጸዱና ዳር ዳሩን የሚያለሙ ሰዎች መጡ። ለወንዙ የቀረቡ አንዳንድ ቤቶች ላይ ቀይ ምልክት አደረጉ፤ ቀይ ያለበት ፈረሰ። የእኔ ተረፈ። አንድ ቀን ጠዋት ብወጣ ዋንዛው ላይም በቀይ ቀለም ተጽፎበታል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ሁለት ፊደል ካየሁ የቀረውን ከራሴ የመጨረስ ልማድ አለኝ። «ይቆ» ይላል። ቀጥሎ ያለውን ዝናብ አጥቦታል። ይቆረጥ ማለት ነው አልኩ።

የባለቤቴን ዛፍ ሌላ ሰው በጋሪ ጭኖ ከሚወስደው በር ላሠራበት ብዬ መጋዝ ያላቸው ሰዎች ጠራሁ። ጎረቤቴ ጋሽ በቀለ ለምን መጀመሪያ አትጠይቅም ብሎኝ ነበር። ጽፈውታል፣ ደግሞ ምኑን እጠይቃለሁ አልኩት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወደቀ።

ከሰዓት ችግኝ የሚተክሉት ሴቶች መጡ። ከእነሱ አንዷ፣ የስልጤ ሴት ናት፣ የያዘችውን ችግኝ አስቀምጣ ጉቶውን አየችው።

«አባባ፣ ምነው?»

«እናንተው አይደላችሁ የጻፋችሁበት ልጄ? ይቆረጥ ብላችሁ።»

«ይቆይ ነው እኮ ያልነው፣ አባባ። የእግረኛ መንገዱን ያጠማዘዝነው ለእሱ ብለን ነው።»

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

አለቃቸው መጥቶ ተቆጣ፤ ጉቶው ይነቀልና ቦታው ይደልደል አለ። ዋንዛ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ አንድ በጋ ይታገሡት ብላ የለመነችው እሷ ናት። እሺ ሲላት ውሃ እንዳይቋጥር አናቱን በገጀራ አስተካከለች። እኔን ደግሞ እሾህ ያምጡና ዙሪያውን ይጠሩት አለችኝ። ባለቤቴ ታጥር እንደነበረው አድርጌ አጠርኩት።

አሁን ቅርንጫፉ ደረቴ ደርሷል። ጥላ እስኪሆን ግን እኔ አልደርስበትም። መንገዱ ተሠርቶ አልቋል፤ እዚያ ሲደርስ ይጠማዘዛል። የሚያልፉት ሰዎች ለምን እንደሚጠማዘዝ አያውቁም፤ እኔ አውቃለሁ። ከግንዱ ያስሰነጠቅኩት ሳንቃ ግድግዳ ተደግፎ እንደቆመ ነው፤ በር ላሠራበት አልቻልኩም። ጋሽ በቀለ «አቶ ይቆረጥ፣ እንዴት አደሩ» ይለኛል። እስቃለሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

የሴትዮዋን ስም የጠየቅኳት ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ነው። መጀመሪያውን ሰምቼ ልጨርሰው ሲዳዳኝ አፌን ያዝኩና እስከ መጨረሻው ጠበቅኳት። ሙኒራ ትባላለች።