ቦዲል የቶርኪልን ወገን ይዛ

ቦዲል ዕድሜዋን ሙሉ ጫማ ስትሸጥ ነው የኖረችው። የትንሿን የወደብ ከተማ፣ የፎቦርግን ሰው ከመልኩ ይልቅ በእግሩ ታውቀዋለች ቢባል ማጋነን አይደለም። ባሏ ሲሞትባት፣ ቤት ቁጭ ብዬ ከግድግዳ ጋር ከምፋጠጥ ብላ የሃይማኖት ፍልስፍና ከሚያጠኑት ሰዎች ጋር ተቀላቀለች። በየሐሙሱ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። እሷ በእግዚአብሔር አታምንም፤ እዚያ ግን ይህን የሚጠይቃት የለም። ከክብሪት ቀፎ ዕጣ ይመዘዛል፤ ደህናው እንጨት የደረሰው እግዚአብሔር አለ ብሎ ይከራከራል፣ ራሱ የተቀጨው የደረሰው የለም ይላል። «አንተ ራስህስ ታምናለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ቶርኪል፣ ጡረታ የወጣው የመርከብ መካኒክ፣ የለየለት አማኝ ነበር። ነገር ግን ደህናው እንጨት ለቦዲል በደረሰ ቁጥር ከሱ አስበልጣ ትከራከር ነበር።

«አይ አንቺ፣ ቄስ መሆን ሲገባሽ ጫማ ቤት ቀረሽ» ይላታል።

«ቄስ ብሆን መጀመሪያ የማባርረው አንተን ነው። ስብከት ላይ ታንኮራፋለህ።»

እንዲህ ሲፎጋገሩ ስንት ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ዋሽታው አታውቅም። ሹራብህ ያስጠላል ትለዋለች፣ የዛሬው ነገርህ ውኃ አያነሳም ትለዋለች፤ እሱም የሚወድላት ይህንኑ ነው።

ባለፈው መጋቢት ካንሰር ተገኘበትና አልጋ ላይ ዋለ። ሚስቱ ሪግሞር ደውላ «ካንቺ በቀር ማንንም ማየት አልፈለገም፣ እባክሽ ነይ» አለቻት። ቦዲል ስትደርስ ያ ግዙፍ ሰው አልቆ አፍንጫው ብቻ ቀርቷል።

ሪግሞር በሩን ዘግታ እስክትወጣ ጠበቀ።

«እምነቴ ጠፋብኝ» አላት። «እጸልያለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። እሁድ ቄሱ ሊያቆርቡኝ ይመጣሉ፤ ሳላምን እንዴት ብዬ ልቁረብ? እስቲ የኔን ወገን፣ አለ የሚለውን፣ ይዘሽ ተከራከሪልኝ። ከኔ ይልቅ አንቺ ትችዪበታለሽ።»

ወንበር ሳበችና ጀመረች።

«የመጀመሪያ ጫማ የተገዛለትን ሕፃን ስንቴ አይቻለሁ መሰለህ። ድክ ድክ ሲል እናቱ እጁን ትለቀዋለች። ጥላኝ ሄደች ብሎ ይነፋረቃል፤ እሷ ግን እዚያው ከኋላው ናት። ይዛው ብትኖርማ መቼ ይራመዳል? ዝም ያለ ሁሉ ጥሎ ሄዷል ማለት አይደለም፣ ቶርኪል።»

ሌላም ሌላም አለችው። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አሳምራ ተከራክራ አታውቅም። ፊቱ ፈካ እያለ መጣ፤ ልትደሰት ምንም አልቀራት።

«አንቺ ራስሽስ ታምኛለሽ?» አላት።

ዓይኑን አየችው፣ የልጅ ዓይን ይመስላል።

«አዎ፣ አምናለሁ» አለችው።

ቶርኪል ትክ ብሎ አያት።

«አንቺም ዋሸሽኝ» አለ። «ይኼን ያህል አልቆልኛል ማለት ነው?»

ስሙን ጠራች። ፊቱን አዞረባት። ቅዳሜ ዕለት፣ ሳይቆርብ ሞተ።

ቀብሩ ላይ ሪግሞር የቦዲል አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም፣ ጭጭ አለ። ሰላም አግኝቶ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ሰላም አግኝቶ ነው» አለቻት ቦዲል።

ሪግሞር አመነቻት።