የሁላችንም ሻምበል

ዛሬ መርሳ፣ ፀጉር ቤቴ ውስጥ፣ ጋሽ ሻምበል ኮፍያቸውን አውልቀው «እኔ እኮ ወታደር ሆኜ አላውቅም» አሉ። መቀሱን እንደያዝሁ ቀረሁ።

ስንት ዘመን ፀጉር ቤቴ በር ላይ ተቀምጠው የጦር ሜዳ ወሬ ሲያወሩልን፣ እኛም ወንበር እየለቀቅን «ሻምበል» ስንላቸው ኖረናል።

(አንድ ቀን እግረኛ፣ በማግስቱ ታንከኛ ሲሆኑ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ መጡ። የልጅ ልጃቸው ሁሴን ወታደር ነው፤ ከደወለ ቆይቷል። በሩ ላይ ቆመው «ሻምበል፣ እስቲ ስለ ሁሴን ንገረኝ» አሏቸው።

ይኼኔ ነው ጋሽ ሻምበል ያልቻሉት።

«ሻምበል እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነው፣ እማማ። ስለ ሁሴን የምጠይቀው አለቃ የለኝም። ሰው ማዕረግ ሲያደርገው ደስ ብሎኝ ዝም አልሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ ሳቁ። «አብሽር ልጄ! ስሙ ሲወጣልህ እዚያው ነበርሁ። አለቃ ፍለጋ አልመጣሁም። አንተ ስታወራ ሰው አይሞትም፤ ሁሉም ቤቱ ይገባል። የኔንም ልጅ ከወሬህ አስገባልኝ።»

ጋሽ ሻምበል ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ። ሁሴንን ወልድያ መናኸሪያ አወረዱት፣ ሲሪንቃ ላይ ውሃ አጠጡት፣ አምጥተው የእማማን በር አስንኳኩት።

እማማ ዘይነባ፣ እኔ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ «ማነው?» አሉ።

በእናንተ ሰፈርስ እንዲህ ያለ ሻምበል አለ? እስቲ ጻፉልኝ። ሁሉም ቤቱ የገባበትን ወሬ ብቻ።